የተጠጋን መንገድ

የጀሶ ማውጫው ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ አንድ የተጫነ ገልባጭ መኪና ባለፈ ቁጥር መንገዱ አንድ እርምጃ ወደ ቤታችን ይጠጋል። በቀን ስድስት መኪና ያልፋል። መጀመሪያ በመካከላችን መቶ እርምጃ ነበር፤ ሐሙስ ማታ ስለካው ዘጠኝ ቀርቶታል።

እናቴ ወይዘሮ ተዋበች ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታለች። ወጌሻው አርባ ቀን ከአልጋዋ ንቅንቅ እንዳትል አዟል፤ ከተነቃነቀች አጥንቱ ዳግም አይገጥምም። ገና ሠላሳኛ ቀኗ ነው።

ዓርብ ጠዋት ለማውጫው ኃላፊ ለአቶ ብሥራት ሄጄ ነገርኳቸው። አልገረማቸውም። ሜትር ይዘው መጡ፣ ለኩ፣ ልክ መሆኔን አመኑ፣ ውኃ ጠጥተው ተነሡ። በማውጫው ጥናት ላይ መንገዱ ማንንም እንደማይነካ ተጽፏል፤ ስለዚህ መንገዱ ቤቱን ሳይሆን ቤቱ መንገዱን ነው የሚነካው አሉኝ።

«ደግሞስ ስድስት መኪና ምን አላት?»

የዚያን ዕለትም ስድስቱ አለፉ። ሦስት እርምጃ ቀረን።

ቅዳሜ ማለዳ አንድ ነገር መጣልኝ። በአገራችን መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሹፌሩ ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል፣ እርጥብ ቅጠል ይጥላል፤ ያየ ሁሉ ዞሮ ያልፋል። እኔም ከደጃችን አምስት ድንጋይ ደርድሬ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጣልኩ።

የመጀመሪያው መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ ዞረ። መንገዱም አብሮት ዞሮ ራቀ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ለእናቴ ስነግራት ከተሰበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ደስ ብሎኝ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ።

ስመለስ ሦስተኛው መኪና ቆሟል። ሹፌሩ ሰብስቤ ነው፤ የተበላሸ ባልንጀራ ጥሎ አያልፍም ተብሎ ስሙ የተነሣ ደግ ሰው። የመኪናውን መጎተቻ ሰንሰለት ከቤቱ ምሰሶ ጋር አስሮ ጨርሷል።

«ከቆመ ስንት ጊዜው ነው?» አለኝ።

«ሠላሳ ዓመት።»

«አይ፣ ሰው አጥታችሁ! አይዞህ፣ እጎትትልሃለሁ።»

«ሰብስቤ፣ ቤት እኮ ነው። እናቴ ውስጥ ተኝታለች።»

«አይቻለሁ፣ ሰላም ብያቸዋለሁ። ቅጠል ተጥሎለት እያየሁ እንዴት ልለፍ?» ብሎ ገባና ሞተሩን አስነሣ።

ጀሪካኑን ጥዬ ሮጥኩ። ቤቱ ዳገቱን ቀስ ብሎ ወጣ። እናቴ በመስኮቱ እያየችኝ ነበር፤ ወጌሻው እንዳዘዛት ፍጹም አልተነቃነቀችም። ከኩርባው በኋላ አላገኘኋቸውም። ሰብስቤ እስካሁን አልተመለሰም።

ሹፌሮች መቼም የደረደሩትን ድንጋይ አያነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። መኪኖቹ አሁንም ባዶውን ቦታ በጥንቃቄ ይዞሩታል። አልጋዋ በነበረበት አፈር ላይ የእናቴ ነጠላ ጫማዎች ቀርተዋል። አንድ የተጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ ይራመዳሉ። ትናንት ማታ ስለካው ዘጠኝ ቀርቷቸዋል።