ምራቴ ያጠበችው ዋንጫ

ባሌ የንሊን በቻይናዋ ሎያንግ ከተማ አሮጌ ነሐስ ከሚሰበስቡት ሁሉ አንደኛ ኩሩ ነው። ቤታችን መቀመጫ ጠፍቶ እሱ ድስትና ደወል ይደረድራል። ከሁሉም አብልጦ የሚሳሳለት ግን ባለ ሦስት እግር የአረቄ ዋንጫ ነበረው፤ እግሮቹ ወርቅ የተለበጡ፣ ሆዱ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ። የጥንት መኳንንት ለሞቱ አባቶቻቸው የሚቀዱበት ነው ይላል። እኔን እንኳ አያስነካኝም!

ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ቤት ሲጸዳ፣ ገና በመኸር ልጃችን ያገባት ምራቴ ሱዪን ያገኘችውን ሁሉ ስትፈገፍግ ዋንጫውንም በሙቅ ውሃና በሳሙና አሸችው። የንሊን ዓሣ አንጠልጥሎ ከገበያ ሲገባ ዋንጫው መስኮቱ ላይ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብለጨልጫል።

"ኧረ ጉድ! ሁለት ሺህ ዓመት አጥባ ደፋችው!" ብሎ ጮኸ። "ዓይንሽን አልይ! ውጪልኝ ከቤቴ!"

ልጅቷ ክው አለች። "አባባ፣ ለበዓሉ እንዲያምርልዎ ብዬ እኮ ነው" አለችና ልብሷን በሻንጣ መክተት ጀመረች። ልጄ ደግሞ በር ላይ ተገትሮ አንዴ አባቱን አንዴ ሚስቱን ያያል፤ ምን ዓይነት ወንድ ነው! በዋዜማ ከባሏ ቤት የተባረረች ሙሽራ መቼም አትመለስም።

"አንተ ሰውዬ" አልኩት፣ "እንግዳ በመጣ ቁጥር 'እውነተኛ አሮጌ ዝገት በሙቅ ውሃ አይለቅም' እያልክ የምታደነቁረን አንተው አይደለህ? ይኸው ለቀቀ! ታዲያ ልጅቷ ምን አጠፋች?"

ዋንጫውን አንስቶ እግሩን በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው ወርቁ ተላጠ። ዕድሜዬን ሙሉ የሳቅሁበት ሰው ያን ጊዜ አሳዘነኝ።

"የውሸት መሆኑ ገና ሳየው ገብቶኛል" አለ ቀስ ብሎ። "እሷ ላይ የጮህኩትም ለዚሁ ነው።"

ማታ ለአባቶቻችን ማዕድ ስንዘረጋ ያንኑ ዋንጫ ይዞ መጣና ከአባቱ ፎቶ ፊት አስቀመጠው።

"ደግሞ ምን ልታደርገው ነው?" አልኩት።

"አሮጌ መስሎኝ ጠብታ አረቄ ሳላስነካው ኖርኩ። እንግዲህ ሥራውን ይሥራ።"

በቤታችን ለአባቶች የሚቀዳው እሱ ብቻ ነው፤ ልጁ እንኳ ቀድቶ አያውቅም። የአረቄውን ጠርሙስ ግን ሱዪን ሻንጣዋን ይዛ ወደ ተቀመጠችበት ጓዳ ዘረጋው።

"ሱዪን፣ ልጄ" አለ። "ሻንጣሽን ተይውና ነይ። ለአያቶችሽ አንቺ ቅጂላቸው።"

መጥታ ጠርሙሱን ተቀበለችና በጥድፊያ ቀዳች። ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ማናችንም አልጠረግነውም።