የጋሼ ዘጠኝ ስሞች

«ይሄ ፐርሰንት የሚባለው ሠራተኛ ማን ነው?» አለ ኦዲተሩ፣ ቀይ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ተክሎ። «ሃምሳ አንድ ቦታ አለ።»

የሆስፒታሉ የዳታቤዝ ባለሙያ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። «ሠራተኛ አይደለም፤ የ% ምልክት ነው። ሰውዬው ከየትኛውም ቦታ ሆኖ መግባት ይችላል ማለት ነው።»

«ከየትም?»

«ከየትም።»

«ይኼማ ጭራሽ የባሰ ነው» ብሎ በቀይ ከበበው።

ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ሆስፒታሉ መዝገቡን ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚከራይ የሩቅ ኮምፒዩተር ላይ፣ ካስቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። ክላውድ ምን እንደሆነ ስታስረዳው ግን ኦዲተሩ «ደመና ነው በይኛ! ዝናብ ሲጥልስ?» ብሎ ቀለደ። ቀልዱን ሳይወደው አልቀረም፤ ሦስቴ ደገመው። እሷም ሦስቴ ሳቀችለት፤ ሦስተኛው ሳቅ ጥርስ ብቻ ነበር።

የፈለገው ነገር ቀላል ነው። መዝገቡ ያለበት ዳታቤዝ ውስጥ መግባት የሚችለውን ሰው ሁሉ ዝርዝር እስከ ዘጠኝ ሰዓት። አንድ መስመር ትዕዛዝ ይበቃዋል፦

SELECT user, host FROM mysql.user;

የተጠቃሚዎቹን ስምና የሚገቡበትን ቦታ አውጣ ማለት ነው፤ ጀማሪ ተማሪም ያውቀዋል። እሷ ስትጽፈው ግን ኮምፒዩተሩ «ስም ለመክፈት እንጂ ዝርዝር ለማየት ፈቃድ የለሽም» አላት። ስድስት ዓመት እንደ ልጇ የተንከባከበችው ዳታቤዝ! ዋናው ቁልፍ ያለው ኃላፊዋ ዘንድ ነው። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ነች። ስብሰባው ደግሞ ስብሰባ ስለሚቀነስበት መንገድ ነው። ፈቃዱ እስኪመጣ ምሳ ሰዓት ሆነ፤ በዚህ መሀል ሰባት ሰው በሩን ከፍቶ «ኔትወርክ የለም እንዴ?» አላት። በሆስፒታሉ ስሟ ራሱ ኔትወርክ ሆኖ ቀርቷል። እረፍት ስትወጣ «ዛሬ ኔትወርክ የለችም» ይባላል፤ ማንም አይስቅም፤ የምራቸውን ነው።

በመጨረሻ ኦዲተሩ አሁን በቀይ የሚከብበው ዝርዝር ወጣ። ስልሳ ሦስት ስም። በዳታቤዙ የሚሠራው ሰው ግን ሃያ ሁለት ነው።

«አርባ አንዱ እነማን ናቸው? መንፈስ ናቸው?» አለ ኦዲተሩ።

አንድ በአንድ ወረዱበት። እነዚህ አራቱ ክላውዱን የሚያከራየው ድርጅት የራሱ ናቸው፤ ቢነኩ ሁሉም ነገር ይቆማል። እነዚህ ሥራ ለቀው የሄዱ ናቸው፤ ማንም አጥፊያቸው ስላላለ ተቀምጠዋል። ኦዲተሩ በእያንዳንዱ ላይ «እሺ» ይላል፣ ከልቡ እሺ እንዳላለ ግን ፊቱ ላይ ይታያል። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ፤ ዘንዶው ሁለተኛው ገጽ ላይ ተኝቶ ጠበቀው።

gashe፣ gashie፣ gashye፣ gaashe፣ gasche…

«ጋሼ፣ ጋሼ፣ ጋሼ…» እያለ ቆጠረ። «ዘጠኝ! ይሄ ሰው ማን ነው?»

«የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊው ናቸው።»

መድኃኒት የሚለውን ቃል ሲሰማ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። «የመድኃኒት መጋዘን ቁልፍ ያለው ሰው፣ በዘጠኝ ስም ይገባል። በአንዱ አስገብቶ በሌላው ቢያወጣ ማን ያየዋል? ጉዳዩ እስኪጣራ ዛሬውኑ ይታገዳል።»

ጋሼ ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር ቀርቷቸዋል። በእገዳ ላይ እያሉ የጡረታ ወረቀታቸው አይንቀሳቀስም፤ በዚህ ሆስፒታል ደግሞ «እስኪጣራ» ማለት ስንት ዓመት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

«ሌብነት አይደለም፣ መርሳት ነው» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ ማለቱ ለራሷም ተሰማት። «የይለፍ ቃላቸውን በረሱ ቁጥር ለማስቀየር ሦስት ፊርማ ያለበት ፎርም ያስፈልጋል። ሦስተኛው ፈራሚ ሁልጊዜ መስክ ነው። አዲስ ስም ለመክፈት ግን አንድ ስልክ ይበቃል። የተያዘ ስም ደግሞ ድጋሚ ስለማይቀበል ፊደሉ እየተቀየረ ይከፈታል። ጋሼን በባዕድ ፊደል በስንት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል ይኸው አየኸው፣ ማለቴ አዩት።»

«ጥሩ። ማን ነው የከፈተው? ትዕዛዝሽን ጻፊና አውጪልኝ።»

«ትዕዛዙ እሱን አያወጣም። ሰንጠረዡ ማን እንደሚገባ እንጂ ማን እንደከፈተለት አይመዘግብም።»

«ስለዚህ ማንም አያውቅም።»

ከዘጠኙ የመጀመሪያዎቹን የከፈተው ከእሷ በፊት የነበረው ባለሙያ ነው። የቀሩትን የከፈቱት ጣቶች አሁን ኪቦርዱ ላይ ናቸው።

ጋሼ ተጠሩ። ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ገቡ። ነገሩ ሲነገራቸው ከመደንገጥ ይልቅ ተናደዱ።

«እኔ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ቃሌን ለውጬ አላውቅም» አሉ። «ይሄ ማሽን ግን በየሁለት ወሩ ቃልህን ለውጥ ይለኛል። ስለውጠው ደካማ ነው ይለኛል። ቁጥር ጨምር፣ ምልክት ጨምር… እንዴት አልረሳው?»

«የረሱትስ ይሁን። አዲሱን ስም ማን ነበር የሚከፍትልዎት?» አለ ኦዲተሩ።

ጋሼ ዞር ብለው አዩአት። የእያንዳንዱን መድኃኒት መደርደሪያና ማብቂያ ቀን በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። አዩአትና ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«አላስታውስም ልጄ። እርጅና ነው» አሉ።

«ካላስታወሱ እገዳው ላይ ይፈርማሉ» አለ ኦዲተሩና ወረቀት ሊያዘጋጅ ቦርሳውን ከፈተ።

በዚህ መሀል ኃላፊዋ ከስብሰባዋ ወጥታ ደረሰች። ነገሩን ከበሩ ላይ ሰምታ ኖሮ ባለሙያዋን በክንዷ ይዛ ኮሪደር አወጣቻት።

«አደራሽን፣ እዚህ ውስጥ አትግቢ» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። «አልታወቀም በይና ዝርዝሩን እንዳለ ተዪው።»

«ሰውዬውን ሊያግዳቸው ነው እኮ!»

«ጋሼን የማያውቅ የለም፤ ይጣራል፣ ይመለሳሉ። የአንቺ የእድገት ደብዳቤ ግን እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሰኞ ይፈረማል። ያለ ፎርም ስም ከፈተች ከተባለ እኔም ላወጣሽ አልችልም። ከእህትሽ ጋር በአንድ ክፍል እስከ መቼ ልትኖሪ ነው? እስቲ ለራስሽም እዘኚ።»

ለራሷ አዘነች፤ በጣም አዘነች። ከእህቷ ጋር የሚጋሩት አልጋ፣ የእህቷ ኩርፊያ፣ ስለ ሁለት ክፍል ቤት ሲያወሩ ያመሹባቸው ቀናት ሁሉ መጡባት። ከዚያ ደግሞ ንዴቷ መጣ። በኃላፊዋ ተናደደች፣ በሦስቱ ፊርማ ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ ግን በጋሼ ተናደደች። ማን እርጅና ነው በሉ አላቸው? ቢናገሩባት እኮ ልትከራከር፣ ልትክድም ትችል ነበር። አሁን ግን መካጃውን ራሱ ወሰዱባት።

ተመልሳ ገባችና ኦዲተሩን ቀና ብላ ሳታይ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች። ዝርዝሩ ላይ አዲስ ዓምድ ጨመረች፤ ርዕሱን «የከፈተው ሰው» አለችው። ከአምስተኛው ጋሼ እስከ ዘጠነኛው ድረስ የራሷን ሙሉ ስም፣ ከነአባቷና ከነአያቷ፣ አምስት ጊዜ ጻፈች። ኃላፊዋ በሩ ላይ ሆና «ወይ ጉድ» አለችና ሄደች።

«አንቺን የጠየቀሽ የለም እኮ» አለ ኦዲተሩ፣ እጁ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ።

«አውቃለሁ።»

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አውርደው በትከሻዋ በኩል ጎንበስ አሉ። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡ። አንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አራተኛዋንም የከፈትሽው አንቺ ነሽ» አሉ። «እዚህ በገባሽ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት።»

ኦዲተሩ ቀና አለ። «አላስታውስም ብለው አልነበር?»

እሷ የኮምፒዩተሩን ቀስት አንድ መስመር ወደ ላይ አወጣችና ስሟን ለስድስተኛ ጊዜ ጻፈች።