የኋላው በር

አውቶቡሱ መጀመሪያ ወደ ግራ ተወላገደ፤ ቀጥሎ በቀኝ ጎኑ ዘፍ ብሎ ተኛ። ጎማዎቹ አየር ላይ ሆነው መሽከርከራቸውን አላቆሙም።

«ወይኔ ልጄን!»

ማናዬ የሚለቅሙት ምስር ከነሰፌዱ ከጭናቸው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«እማማ፣ ጌም ነው እኮ!» አለች ውዳሴ ከኮምፒውተሯ ዞር ሳትል። «ማንም የለበትም፣ ባዶ ነው። ሆን ብዬ ነው የገለበጥኩት።»

«ሰው ሆን ብሎ የልጆች መኪና ይገለብጣል? ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ?»

ውዳሴ የልጃቸው የጸደንያ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ቆይታ ቆይታ፣ አሁን እቤት ተቀምጣ ባሕር ማዶ ላሉ ሰዎች መኪና ትሠራለች፤ በእጅ የማይዳሰስ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የሚሄድ መኪና። ጨዋታው መንዳት ነው። ፍሬኑም፣ ክብደቱም፣ አወዳደቁም ቁርጥ እውነተኛውን ካልመሰለ ገዢዎቹ አይቀበሏትም። ማናዬ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ ጋዜጣም ያነባሉ፤ ይሄ ሥራ መሆኑን አምኖ ለመቀበል ግን ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ሰሞኑን የያዘችው ደግሞ የሰው አገር መኪና አይደለም። ታናሽ እህቷን ቲናን በየጠዋቱ ከለቡ መብራት ኃይል ተነሥቶ ሀና ማርያም ትምህርት ቤቷ የሚያደርሳትን ሰርቪስ ነው፤ ያንኑ ቢጫ ቅጥቅጥ። ሾፌሩ ጉተማ ቅዳሜ ዕለት ላቫጆ ሲያሳጥበው ፈቀደላትና ከሥሩ ተኝታ፣ ከላዩ ወጥታ ፎቶ አነሣችው። የተጫረው ኮፈን፣ በፕላስተር የተጠመጠመው ስፖኪዮ፣ ቲና ጣቷን እየሰደደች ስፖንጁን የምትነጭበት የተቀደደ ወንበር ሳይቀር እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ማናዬ የደነገጡት ለዚህ ነው። የማያውቁት መኪና ቢሆን ኖሮ ምስራቸውን አይበትኑም ነበር።

ቀረብ ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«በቀኙ ነው የወደቀው።»

«አዎ።»

«መግቢያው በር እኮ በቀኝ ነው።»

«አዎ፣ ከሥር ሆነ።»

«ታዲያ ልጆቹ በየት ይወጣሉ?»

«ልጆች የሉበትም አልኩሽ እኮ፣ እማማ!»

«ቢኖሩበትስ? በየት ይወጣሉ ነው የምልሽ!»

ውዳሴ ተነፈሰችና መኪናውን በኋላው አዞረችላቸው። «በዚህ ነዋ። የአደጋ በር ይባላል፣ ቀይ እጀታ ያለው።»

«እስቲ ክፈቺው።»

ውዳሴ ሳቀች፤ የንዴት ሳቅ። «ገዢዎቹም የሚጨቀጭቁኝ በዚሁ ነው! ትናንት መልሰው ላኩብኝ። የትምህርት ቤት መኪና የኋላ በሩ መከፈት አለበት፣ የሠራሽው እውነተኛ አይደለም ይሉኛል። እኔ ያየሁትን ነው የሠራሁት። የእኛው አይከፈትም።»

«አይከፈትም ማለት?»

«ተበይዷላ።»

ፎቶውን አወጣችላቸው። በበሩ ጠርዝ ዙሪያ፣ ከቢጫው ቀለም ሥር፣ እንደ ገብስ ፍሬ የተደረደረ የብየዳ እብጠት ይታያል። በውስጥ በኩል ደግሞ ክረምት ላይ የተጨመረው የኋላ ረጅም ወንበር ብረቱ በሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦት ታስሯል። እነዚያን እብጠቶች ውዳሴ አንድ በአንድ ስትሠራቸው ነው የዋለችው፤ ያውም እያፏጨች።

ማናዬ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ውዳሴ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቲና እኮ ኋላ ነው የምትቀመጠው።»

 የልጅቷ እጅ ከማውሱ ላይ ወረደ። «እኔ… የምሠራው ቅርጽ ብቻ ነው የታየኝ። በር መሆኑን አላሰብኩትም፣ እማማ።»

ይሄኔ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ድርግም አለ፣ አውቶቡሱም ከነብየዳው አብሮት ሄደ።

ጸደንያ ከሥራ ስትመለስ መብራቱ አልመጣም። ውዳሴ ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጣ ከስልኳ አጥፍታቸው ስለነበር ማናዬ በእጃቸው የሚያሳዩት ነገር አልነበራቸውም። አፋቸው ብቻ ነበር ያላቸው። አፋቸው ደግሞ እዚያ ቤት ውስጥ ዋጋው ከወደቀ ቆይቷል።

በመስከረም ጎማው ተንፍሷል ብለው ሰርቪሱን አስቁመው ነበር፤ ጎማው ምንም አልሆነም ነበር። በኅዳር ብርድ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሲወጣ «ተቃጠለ!» ብለው ሰፈሩን አስወጥተውታል። ጉተማ አንድ ጠዋት ሲያዛጋ አይተውት ደግሞ ሳይተኛ ነው ያደረው ብለው ለርእሰ መምህሯ ደውለዋል። ያኔ ትምህርት ቤቱ ጸደንያን ጠርቶ፣ እናትሽ አንድ ጊዜ ደግመው መኪናውን ካስቆሙ ለልጅሽ ሌላ መጓጓዣ ፈልጊ ብሏታል። ጸደንያ ገና ጎሕ ሲቀድ ነው ወደ ሥራ የምትወጣው፤ ሌላ መጓጓዣ ማለት ሥራውን መተው ማለት ነው። እናቷን ከእንግዲህ ሰርቪሱ ጋ እንዳይወርዱ በእመቤታችን ስም ያስማለቻቸው ለዚህ ነበር።

«እማዬ፣ በናትሽ» አለች አሁን ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብሽ እኮ።»

«ብየዳውን በዓይኔ አየሁት!»

«የት? ጌም ላይ?»

«ፎቶውን ነው ያየችው፣ ማሚ» አለች ውዳሴ። «እኔም አይቼዋለሁ።»

ጸደንያ ትንሽ ተጠራጠረችና ስልኳን አውጥታ ጉተማ ጋ ደወለች። የጉተማ ሳቅ ክፍሉን ሞላው። «እህቴ፣ ያ በር ይከፈታል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ራሴ ነኝ የከፈትኩት። ለእማማ ማናዬ ሰላም በይልኝ፣ ጎማውም ደህና ነው በያቸው።»

«ሰማሽ?» አለች ጸደንያ።

«ከክረምት በፊት ነው ያለው። ወንበሩን የጨመሩት በክረምት ነው።»

«በቃ፣ እማዬ! ነገ አርፍጄም ቢሆን ቲናን እኔው አወርዳታለሁ። አንቺ ከዚህ ቤት ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ማናዬ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ቲናን ታማለች ብለው ቢያስቀሯትስ? ይችሉ ነበር። የሌሎቹን እናቶች ልጆችስ ማን ያስቀራል? ወደ ሀና ማርያም የሚወስደው መንገድ ደግሞ ሰሞኑን ተቆፍሮ፣ በቀኝ በኩል አፉን የከፈተ ጉድጓድ ነው የሚታየው። በቀኝ በኩል። ዓይናቸውን በከደኑ ቁጥር ያ ባዶ መኪና ዘፍ ይላል፤ ጎማዎቹም ይሽከረከራሉ። አሁን ግን ባዶ አይደለም።

ጠዋት ካፊያ ነበር። ጸደንያ ቲናን ይዛ ከወጣች በኋላ ማናዬ የበሩን ብረት ጨብጠው ቆሙ። ምለዋል። መሐላ አፍርሰው የማያውቁ ሴት ናቸው።

«አብሬሽ ልውረድ?» አለች ውዳሴ ከኋላቸው።

«እመቤቴ ታውቀኛለች» አሉና ወጡ፤ ውዳሴም ተከተለቻቸው።

ሲደርሱ መኪናው ሞልቶ፣ ረዳቷ ሶሬቲ በሩን ስትስብ ነበር። ማናዬ ፊት ለፊቱ ሄደው ቆሙ። ጉተማ ክላክሱን አስጮኸ። አልተነሡም። በመስኮቶቹ ሕፃናቱ ተንጋግተው ብቅ አሉ።

«እማማ ጎማ መጡ! እማማ ጎማ!»

ከኋላኛው መስኮት የቲና ፊት ታየ፤ እሷ አብራ አልጮኸችም። አፍራ መልሳ ተደበቀች።

ጸደንያ በሁለቱም እጇ አፏን ያዘች። «እማዬ! ምን አደረግሽኝ!»

ጉተማ ከጋቢናው ወረደ። ትልቅ፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ሳቁ አልነበረም። «እማማ፣ ይረፍድባቸዋል። ዛሬ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የኋላውን በር ክፈትልኝ፣ ልጄ።»

«ይከፈታል አልኩ እኮ።»

«እንግዲያው ክፈተው።»

ሌሎቹ ወላጆች ማጉረምረም ጀመሩ። አንዷ «ሥራ አለን፣ እማማ!» አለች። ሶሬቲ ስልኳን አንሥታ ለትምህርት ቤቱ መደወል ጀመረች። ጸደንያ የእናቷን ክንድ ይዛ ጎተተች፤ ማናዬ የመኪናውን የፊት መከላከያ ጨብጠው አልለቀቁም። የጣቶቻቸው አጥንት ነጭ ሆኖ ታየ።

«እሺ» አለ ጉተማ በመጨረሻ። «እከፍትልዎታለሁ። ግን ከተከፈተ፣ እናቴ፣ ከእንግዲህ እዚህ መንገድ ላይ አላይዎትም። በሰው ፊት ቃል ይግቡልኝ።»

ማናዬ ጸደንያን አዩዋት። ከተከፈተ ልጃቸው ሥራዋን፣ ቲናም መኪናዋን ታጣለች፤ እሳቸውም በቀሪ ዕድሜያቸው አፋቸው አይሰማም። ያዩት ፎቶ ብቻ ነው። ያውም በደከመ ዓይን።

«ቃሌ ነው» አሉ።

ሁሉም ወደ ኋላ ዞሩ። ጉተማ ቀዩን እጀታ ያዘና አዞረው። እጀታው ዞረ፤ ሲበዛ ቀልሎ ዞረ፤ ከምንም ነገር ጋር እንዳልተያያዘ። ጉተማ ፊቱን ቋጠር አደረገና ሳበ። በሩ ዝም። እግሩን መከላከያው ላይ አስደግፎ እንደገና ሳበ። መኪናው በሞላ ተወዛወዘ፣ ውስጥ ያሉት ልጆች «ዬ!» ብለው ሳቁ፤ በሩ ግን የግድግዳ ያህል ዝም።

«ዝጎ ይሆናል» አለ አንዱ አባት።

ውዳሴ ቀረብ ብላ በጠርዙ ላይ ጣቷን አስኬደች። መፈለግ አላስፈለጋትም፤ ቦታውን ታውቀዋለች። «እዚህ ነው የሚጀምረው፣ ጋሽ ጉተማ። ቀለም ቀብተውበት ነው።»

ጉተማ በጥፍሩ ቀለሙን ፋቀው። ከሥሩ ብረቱ ፈጦ ወጣ። ከዚያ ዞሮ በፊት በር ገባና በልጆቹ መካከል አልፎ የኋላውን ወንበር ትራስ አነሣ። በመስታወቱ በኩል ፊቱን ሁሉም አየው። እዚያው፣ ቲና እግሯን የምታወዛውዝበት ቦታ፣ የክንድ ውፍረት ያለው ብረት በሩን አቋርጦ ተኝቷል።

«ዋቅ!» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እኮ… በክረምት ጋራዥ ያስገባው ባለመኪናው ነው። ወንበር ጨመርን ብቻ ነው ያለኝ።»

ማጉረምረሙ ቆሟል።  ጉተማ ባለመኪናው ጋ ደወለ፤ ድምፁን ለሁሉ ከፍቶት ነበር።

«ዝናብ እያስገባ ስላስቸገረ ነው ያስበየድኩት» አለ ሰውየው እየተበሳጨ። «ምን ችግር አለው? ማታ እናየዋለን። ዛሬን ንዳው።»

ጉተማ ልጆቹን አየ። መንገዱን አየ፤ ታች ድረስ በቀኝ በኩል የተቆፈረውን። ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ይሄን መሪ ካጣ ሌላ መሪ በቀላሉ እንደማያገኝ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። የማናዬ ከንፈር ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ነበር። አሁን የሚፈሩት ስለ ቲና ብቻ አልነበረም፤ ይሄ ሰው «ዛሬን ብቻ» ብሎ መሪው ላይ እንዳይወጣ ነው።

«ዛሬን እርስዎ መጥተው ይንዱት» አለ ጉተማና ስልኩን ዘጋው። ሞተሩን አጠፋ። «ልጆች፣ አንድ በአንድ ውረዱ። ሶሬቲ፣ ተቀበያቸው።»

ወላጆቹ ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ታክሲ መያዣው መበተን ጀመሩ። «ሥራ አለን» ያለችው ሴት በማናዬ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለችና ትከሻቸውን ነካ አድርጋ ሄደች። ቲና ሮጣ መጥታ ቀሚሳቸው ውስጥ ገባች።

ጸደንያ እናቷ ፊት ቆመች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እማዬ… ጫማሽ።»

ማናዬ ቁልቁል አዩ። በአንድ እግራቸው የራሳቸውን ጫማ፣ በሌላው የውዳሴን የቤት ነጠላ ጫማ ነው አድርገው የወጡት፤ ጣቶቻቸው ጭቃ ውስጥ ናቸው። ጸደንያ በርከክ ብላ በሻርፗ ጫፍ እግራቸውን መጥረግ ጀመረች። ወደ ሥራ መርፈዷን አላነሣችም።

ሳምንቱ አልቆ ቢጫው ቅጥቅጥ ሲመለስ የኋላው ረጅም ወንበር ተነሥቷል፤ በሩም ተቆርጦ አዲስ ማጠፊያ ገብቶለታል። ሌሎቹ ወላጆች ተሰብስበው ትምህርት ቤቱን ወጥረው ስለያዙት ባለመኪናው ጉተማን ማባረር አልሆነለትም፤ ሰላምታ ግን ነሥቶታል። ውዳሴም በኮምፒውተሯ ያለውን ብየዳ አንሥታ በሩን አስከፍታ ላከችው፤ ተቀበሏት።

ጉተማ መኪናውን አቁሞ ማናዬ አፋቸውን ሳይከፍቱ ወረደና ቀዩን እጀታ አዞረው። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከውስጥ ልጆቹ አጨበጨቡ።

«ይኸው፣ እማማ። ደስ አለዎት?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ክፉ አይንካህ።» በሩን በእጃቸው ዘጉት፣ ከፈቱት፣ መልሰው ዘጉት። ቲና ገባች። ሶሬቲ የፊቱን በር ሳበች። መኪናው ሊነሣ ሲል ማናዬ ድንገት ጎኑን በመዳፋቸው መቱት።

«ቆይ፣ ቆይ! ጉተማ!»

«አቤት?»

«በዚህ ቅለቱ… እየሄደ ቢከፈትስ?»

ጉተማ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ለዚያ ጠዋት ፈቃድ የወሰደችው ጸደንያም ሳቀች፤ ውዳሴም። ማናዬ ግን አልሳቁም። መኪናው ቁልቁለቱን ወርዶ ከኩርባው እስኪሰወር ድረስ ዓይናቸውን ከቀዩ እጀታ ላይ አላነሡም።