የቀኑ የመጀመሪያ ገዢ

ቅዳሜ ጠዋት የታካ ቦይ በገበያተኞች ታንኳ ተሞልቶ ውሃው አይታይም ነበር። የከሰሉ ጭስ፣ የሎሚ ሣር ሽታና የነጋዴዎቹ ሳቅ ተቀላቅሎ ወደ ላይ ይወጣል። በድልድዩ ደረጃ ላይ የተቀመጠችው ላምያይ ግን የምታየው አንዲት ታንኳ ብቻ ነበር፤ የልጇን የኦራያን።

የላምያይ አንዱ ትከሻ መቅዘፍ እምቢ ካለ ወዲህ ታንኳዋ ታስራ ከርማለች። ኦራያ «እስቲ ልሞክረው» ብላ ከባንኮክ ፋብሪካ መጣች። ዛሬ ካልቀናት ተመልሳ ትሄዳለች።

ጋሽ ፕራሰርት የገለባ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ጠጋ አሉ።

«ካኖም ክሮክ ስጪኝ ልጄ፤ ለመነኮሳቱ ምጽዋት ነው።»

ኦራያ ማንኪያዋን ብትሰድ ትንንሾቹ የኮኮናት ቂጣዎች ከምጣዱ ጉድጓዶች አልላቀቅ አሉ።

«ተጣብቆብኛል ጋሼ። ከእትዬ ቻሉዋይ ይግዙ።»

ላምያይ አፏን በእጇ ያዘች። የመጀመሪያ ገዢ ባዶ እጁን ከተመለሰ የቀኑ ገበያ ተከትሎት ይሄዳል። እሳቱን፣ ዱቄቱን፣ የኮኮናት ወተቱን ሁሉ አስተምራት ይህን ሳትነግራት ቀረች። ሰው ሁሉ ሲወለድ ጀምሮ የሚያውቀው መስሏት ነበር።

አጠገቧ ባለው ታንኳ ላይ ቻሉዋይ ያንኑ ቂጣ ትሸጣለች፤ ምጣዷም ሙሉ ነበር። ክዳኑን ግን ድፍት አደረገችው።

«አልሸጥልዎትም።»

«ምነው፣ ተጣላን እንዴ?»

«የልጅቷን የመጀመሪያ ገበያ ነጥቄ የት ልደርስ? መነኮሳቱ እንደሆኑ ገና ማዶ ናቸው። እንኩ፣ ሻይ ይጠጡ።» ወደ ኦራያ ዞረች። «አንቺ የፋብሪካ እመቤት፣ ፍሙን ቀንሺና ምጣዱን ዘይት ቀቢው። አይነክስሽም።»

ላምያይ ልትወርድ ብድግ አለች።

«አንቺ ደግሞ ቁጭ በይ!» አለቻት ቻሉዋይ። «ውሃ ውስጥ ብትወድቂ ማን ሊያወጣሽ ነው?»

ባለ ታንኳዎቹ ሳቁ። ላምያይም ተቀመጠች።

ሁለተኛው ጋገራ ከዳር እስከ ዳር ወርቅ መስሎ ተነሳ። ጋሽ ፕራሰርት ሳይከራከሩ የሃያ ባህት ኖት ሰጡ። ኦራያ ልጅ ሳለች እናቷ ስታደርግ ያየችው ትዝ ብሏት፣ ገበያው እንዲቀናት በኖቱ ምጣዱን፣ ዱቄቱን፣ መቅዘፊያውን መታ መታ አደረገች። ከዚያ ተንጠራርታ የቻሉዋይን ክዳንም መታ አደረገችው። ይህን ማንም አላሳያትም።

ቻሉዋይ አንገቷን ደፍታ ከሰሏን ቆሰቆሰች።

ረፋዱ ላይ ኦራያ ባዶውን ምጣድ ይዛ ወደ ደረጃው ቀዘፈች።

«እማ፣ ለነገ ኮኮናቱን ማን ይፍቅልኛል?»

«አንድ ደህና ትከሻ አለኝ» አለች ላምያይ፣ የታንኳዋን ገመድ እየተቀበለች።