ስልክ የሚያስረሳ መጽሐፍ

ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ፊት ለፊት ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች መካከል የሞሚናን ሱቅ የማያውቅ ጠያቂ የለም። ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ፣ ሰው ሁሉ ስንቁን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ መጀመሪያ የሚመጣው እሷ ጋ ነው። ስልኩን ትቀበልና ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ትሰጣለች፤ የካርቶኑን መንታ ደግሞ በላስቲክ ስልኩ ላይ ታስራለች። እስከዚህ ድረስ ከጎረቤቶቿ በምንም አትለይም። የሚለያት ከስልኮቹ በላይ ያለው የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው።

መጽሐፎቹን ገዝታ አይደለም። ድሮ አንድ የተፈታ ሰው በሩን እንደወጣ፣ «እዚያ የነበረ ዕቃ ቤቴ አይገባም፤ መልሶ ይጠራኛል» ብሎ ሲያነበው የከረመውን መጽሐፍ ባንኮኒዋ ላይ ጥሎላት ሄደ። ያንን ያየ ሌላውም ተከተለ። እያለ እያለ ልማድ ሆነና፣ የተፈታ ሁሉ ዘመዶቹን አቅፎ አልቅሶ ሲያበቃ መጽሐፉን ሞሚና ጋ ሳይጥል ታክሲ አይሳፈርም። ተራ የሚጠብቀው ጠያቂ ደግሞ ስልኩን ካስረከበ በኋላ እጁን የት እንደሚያደርገው ስለሚጠፋው፣ «እትዬ ሞሚና፣ ሰሞኑን ምን ጥሩ ነገር አነበብሽ?» ይላታል።

እሷም ለምክር አትሰስትም። የመጽሐፍ ስም መያዝ ስለማይሆንላት በመልካቸው ነው የምትጠራቸው። «ቀዩ ስለ ንግድ ነው፤ ጸሐፊው ነግዶ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ እለፈው። ወፍራሙ የአንዲት አዋላጅ ነርስ ታሪክ ነው፤ ወላሂ ሴትዮዋ ያላየችው ጉድ የለም። ብቻ ከመሃል ጀምረው፣ መግቢያው የዘር ቆጠራ ነው። ቢጫው ስለ ንብ ነው፤ እሱን ያነበበ ሰው ማር ሲልስ ያፍራል።» መለኪያዋም የራሷ ነው። ጥሩ መጽሐፍ ማለት ለሷ ስልክ የሚያስረሳ መጽሐፍ ነው። አንባቢው ጠይቆ ከወጣ በኋላ መጽሐፉን ሊጨርስ ቁጭ ብሎ፣ ኋላ ስልኩን ሳይቀበል ውልቅ ካለ፣ ያ መጽሐፍ ማዕረግ ያገኛል።

«ይሄኛው ሦስት ሰው ስልኩን አስረስቷል» ትላለች በኩራት።

«ታዲያ መጽሐፍ ነው ወይስ ኪስ አውላቂ?» ይላል ከአጠገቧ የታሸገ ውሃ የሚሸጠው ወንድዬ።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ሰፈሩም ያውቃል፣ አፍ አውጥቶ ባይናገራትም። ሞሚና መጽሐፍ አትጨርስም። መሃሉ ላይ ስትደርስ ወይ ጠያቂ ይመጣል፣ ወይ መጽሐፉን የሚዋስ። ስለዚህ የምትመክረው ግማሹን አይታ ነው። «ግማሹ ጥሩ የሆነ ነገር ሌላው ግማሹ ወዴት ይሄዳል?» የምትለው አነጋገር አላት፤ እስከዚያ እሁድ ድረስ አሳፍሯት አያውቅም ነበር።

ማህሌት ከገላን ኮንዶሚኒየም እየተመላለሰች አባቷን አቶ ቀናውን የምትጠይቅ ልጅ ናት። አቶ ቀናው የተሳቢ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ በመንገድ ላይ ሰው ገጭተው፣ ሰውየው ስለሞተባቸው ተፈርዶባቸው ነው የገቡት። አንድ እሁድ ማህሌት ጠይቃ ስትወጣ ካርቶኑን ሰጥታ ስልኳን ሳትቀበል ቆመች።

«ምነው ማሂ? አባትሽ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ደህና ነው። ችግሩም እሱ ነው፤ ሁሌ ደህና ነው።»

ሞሚና ወንበር ሳበችላት።

«እገባለሁ» አለች ማህሌት፣ «‹እንዴት ነሽ?› ይለኛል። ‹ደህና።› ‹እናትሽስ?› ‹ደህና።› ‹ወንድምሽስ? ጎረቤቱስ? የክርስትና እናትሽስ?› ሁሉም ደህና። ከዚያ ደግሞ የኔ ተራ ነው፤ ጤናህስ፣ እንቅልፍህስ፣ ጓደኞችህስ። ስንጨርስ ዝም። እናቴ ደም ግፊት ይዟታል፤ እዚያ ሆኖ እንዳይጨነቅ አልነግረውም። እሱም የራሱን አይነግረኝም። ዛሬ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ልጄ፣ ለ«ደህና» ብለሽ ከገላን ድረስ አትንከራተቺ። የሚመጣው እሁድ ብቻ ነይ፤ ከዚያ በኋላ ይበቃሻል፣ ስንቁን በሰው ትልኪዋለሽ።›»

«አንድ እሁድ ነው የቀረሽ በይኛ!»

«አንድ።»

ሞሚና መደርደሪያዋን ሽቅብ ቃኘችና ሰማያዊውን አወረደችው። «አብሽሪ። ይሄን ውሰጂ፤ ልብ ወለድ ነው። አንድ የእህል ነጋዴ አለ፣ በሁለት ከተማ ሁለት ሴት አግብቶ አንዷ ስለሌላዋ አታውቅም። የሁለቱንም ቤት የሚያውቀው ሳቂታ ሹፌሩ ብቻ ነው። አራት ሰው ስልኩን ረስቶበታል! አንብቢና ለአባትሽ ተርኪላቸው፤ ‹ከዚያስ?› ያለ ሰው ‹አትምጪ› አይልም።»

በሳምንቱ ማህሌት መጣች። ስንቁን መሬት አስቀመጠች፤ መጽሐፉን ግን ባንኮኒው ላይ ጣል አደረገችው።

«እትዬ ሞሚና፣ ምን አደረግሽኝ?»

«ምነው? አልጣመሽም?»

«መጣሙንማ ጣመኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ከእጄ አልወጣም። መሃሉ ላይ ሹፌሩ ሰው ይገጫል እኮ!»

ሞሚና አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ያ ረቢ! የትኛው ሹፌር? ሳቂታው?»

«ያው ሳቂታው። እዚያ ላይ ስደርስ ዘጋሁት። አንቺ አንብበሽው አይደል እንዴ የሰጠሽኝ?»

«እሷ?» አለ ወንድዬ ከጎን፤ «እሷ መጽሐፍ ቀማሽ ናት እንጂ በላተኛ መች ሆና ታውቃለች!»

«አንተ ውሃህን ሽጥ!» አለችው፤ ወደ ማህሌት ስትዞር ግን ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። «እኔ የሁለተኛዋ ሚስት እናት ልትጠይቃት የመጣች ጊዜ ነው ያቆምኩት። እስከዚያ ድረስ አንድ ጭረት የነካው መኪና የለም። በይ እንካ ቢጫውን! ተራሽ እስኪደርስ ስለ ንቡ ትንሽ አንብቢና እሱን ንገሪያቸው። ንብ መኪና አይነዳም።»

ማህሌት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ፈተና በር ላይ እንደምታጠና ተማሪ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበች፤ ስትጠራ መጽሐፉን አስረክባ ገባች።

ከዚያ በኋላ ሞሚና ሞሚናን አልሆነችም። እዚያ በር ፊት ስትኖር ውስጡን አይታው አታውቅም፤ አልሐምዱሊላህ፣ የምትጠይቀው ሰው ኖሯት አያውቅም። የምታውቀው ከሚወጣው ሰው ፊት ላይ ያነበበችውን ብቻ ነው። አሁን አንገቷ ወደ በሩ ተቆልምሞ ቀረ። ለአንድ ጎልማሳ የሌላ ሰው ስልክ ሰጠችው፤ «ይሄ የኔ አይደለም» ቢላት፣ «ሁሉም ያው ይደውላል» ብላ ልትሸኘው ምንም አልቀራት።

ማህሌት ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ሞሚና ባንኮኒውን ዞራ ወጣች።

«ተጣላችሁ?»

«ቆይ ልንገርሽ። ንቦቹ አበባ ያለበትን ለጓደኞቻቸው የሚያመለክቱት በጭፈራ ነው አልኩት። ‹ደህና› አለኝ። ስለ ንግሥቲቱ ነገርኩት፤ ‹ደህና›። ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየኝና፣ ‹ይሄን ያነበብሽው አሁን በር ላይ ነው› አለኝ።»

«እንዴት አወቁ?»

«‹ልጅ ሆነሽም ሳታጠኚ ስትቀሪ እንዲህ ነበር የምትጣደፊው› አለኝ። ‹ሳምንቱን ምን ስታነቢ ሰነበትሽ?› ሲለኝ መዋሸት አቃተኝ። የነጋዴውንና የሁለቱን ሚስቶች ነገር ስነግረው ሳቀ። እትዬ ሞሚና፣ ሳቀ! ዝም ስል ‹ከዚያስ?› አለኝ። ‹ከዚያ አላነበብኩም› አልኩት። አሁንም ‹ከዚያስ?› አለኝ። ነገርኩት። ሹፌሩ ሰው ገጨ አልኩት።»

«ከዚያስ?» አለች ሞሚና ሳይታወቃት።

«በመካከላችን ያለውን ሽቦ ይዞ መሬት መሬቱን አየ። ሊሄድ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ፣ ‹ቆመ ወይስ አለፈ?› አለኝ። ‹አላውቅም አባዬ፣ እዚያ ላይ ዘጋሁት› አልኩት። ‹እኔ ቆምኩ› አለኝ። ‹ረዳቴ ንዳው፣ ንዳው እያለ ይጮሃል። ወረድኩ። የሰውየው አንድ ጫማ ወልቆ ነበር፤ ፈልጌ አጠለቅኩለት። ለምን እንዳጠለቅኩለት እስከ ዛሬ አላውቅም› አለኝ። ይሄን ለእናቴ እንኳ ነግሯት አያውቅም።»

ወንድዬ የያዘውን የውሃ ጠርሙስ ለገዢው ማቀበል ረስቶ ቆሟል።

«ደግሞ፣ ‹እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ እናትሽ ደህና ናት?› አለኝ። ደም ግፊቷን ነገርኩት።»

«ደነገጡ?»

«‹ጨው ቀንሱላት› አለኝ።» ማህሌት እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ሳቀች። «ሰዓቱ ደርሶ ሲሄድ ዞር ብሎ፣ ‹ሳምንት አንብበሽ ነይ፤ ያ ሰው ያደረገውን ሳልሰማ እንዳትቀሪብኝ› አለኝ። ራሱ ነው ነይ ያለኝ!»

ሰማያዊውን ከባንኮኒው አነሳችና አግዳሚው ላይ ሆና ከዘጋችበት ገለጠችው። ሞሚና አንዴ ብቻ በልጅቷ ትከሻ በኩል ለማየት ሞከረች፤ ጠያቂ መጣ። የታክሲ ረዳት «ገላን! ገላን! አንድ ሰው!» ሲል ማህሌት ጣቷን ገጹ መሃል እንዳደረገች ሮጣ ተሳፈረች።

ብዙም ሳይቆይ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር አንድ ስልክ ጮኸ። ሞሚና ካርቶኑን አየችና አነሳችው።

«እትዬ ሞሚና! ማህሌት ነኝ፤ ስልኬን ረስቼው ሄድኩ! አጠገቤ ካለች ልጅ ስልክ ለምኜ ነው።»

ሞሚና አምስት ጣቷን ዘርግታ ለወንድዬ አሳየችው። «ስልኩ የትም አይሄድም። ይልቅ ንገሪኝ፣ ሹፌሩ ቆመ ወይስ አለፈ?»

«ገና ነኝ። ፍሬን ረግጧል፤ መኪናው ግን ገና እየተንሸራተተ ነው።»

«እንግዲያ ቶሎ አንብቢና ደውዪልኝ!»

«በምን ልደውልልሽ? ስልኬ አንቺ ጋ ነው እኮ!»