ውሃ ያቆረ ታዛ

ሸራ ሰፊው ለሱቅ፣ ለጋራዥና ለአትክልት መሸጫ ስፍር ቁጥር የሌለው ጥላ ሰቅሏል፤ አንዱም ወድቆበት አያውቅም። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ራሱ ነው የነገራቸው።

ሰምተው እንዳልሰሙ የሚያልፉት የሚስቱ አባት ብቻ ነበሩ። እሳቸው አናጢ ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ የሰው ቤት በገቡ ቁጥር የበሩን መቃን በእጃቸው ሳይዳስሱ አያልፉም። በእሳቸው እምነት ቤት ማለት እንጨት ነው፤ ሸራ እህል የሚሰጣበት ጨርቅ ነው። ልጃቸው ሸራ ሰፊ ላገባ ነው ስትል አልተቃወሙም፤ ዝም አሉ። ዝምታው እስካሁን አላለቀም። የታናሽ እህቷን ባል «ልጄ» ሲሉ፣ እሱን «ሰውዬው» ነው የሚሉት። «ሰውዬው በልቷል?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ሰውዬው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ።

አዛውንቱ በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ ሐኪሙ ንጹሕ አየር ያግኙ፣ ብርድ ግን እንዳይነካቸው ብሎ አዘዘ። ሁለቱ እንዴት እንደሚስማሙ አልተናገረም። መላውን ያመጣው የሚስቱ ወንድም፣ ሾፌሩ ነው። የአሮጌ ሚኒባሱን ወንበሮች ነቅሎ አልጋና ምድጃ አስገብቶበት ነበርና፣ አባቱን ሐይቅ ዳር ወስዶ ሊያውላቸው አሰበ። የጎደለው ከመኪናው ጎን የሚዘረጋ ታዛ ብቻ ነበር።

ሸራ ሰፊው ይህን የሰማ ዕለት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። አማቱ እሱ በሰፋው ሥር ተቀምጠው ሊውሉ ነው። አናጢ ሥራ ሳይመረምር አይቀመጥም፤ ቀና ብለው ያያሉ። ካዩ ደግሞ አንድ ቃል ይወጣቸው ይሆናል። የትኛውን ቃል እንደሚጠብቅ ለሚስቱም አልነገራትም፤ እሷ ግን ታውቃለች።

ታዛው አምሮ ወጣ። አንዱ ጠርዙ ከሚኒባሱ ጣሪያ ጋር ተያይዟል፤ ሌላው ፊት ለፊት በሁለት የሚሳቡ ቋሚዎች ላይ ያርፋል። ሐይቁ ዳር ደርሰው ሲዘረጋው ሾፌሩ የፊቱን ዝቅ እንዲያደርገው፣ ዝናብ ከመጣም ውሃው እንዲወርድ መከረው። ነፋስ ከበረታ ደግሞ መጠቅለል ነው አለ፤ ከነፋስ ጋር ግብግብ የለም።

ሸራ ሰፊው ይህ ጠፍቶት አይደለም። ባለሱቆችን ሲቆጣ የሚውልበት ነገር ነው። ነገር ግን አማቱ ረጅም ናቸው፤ በሰፈር «ምሰሶው» የሚባሉት ያለ ነገር አይደለም። የፊቱ ዝቅ ካለ ሲገቡ አንገታቸውን ሊደፉ ነው። አማቱን በገዛ ሥራው ሥር አንገት ማስደፋት አልሆነለትም። ቋሚዎቹን እስከ መጨረሻቸው ሳባቸው፤ ሸራው እንደ ጠረጴዛ ተንጣለለ።

አዛውንቱ ቀጥ ብለው ገቡ። ተቀመጡ። ቀና አሉ። ስፌቱን ከጥግ እስከ ጥግ በዓይናቸው ተከተሉት።

«ክሩ ጥሩ ነው» አሉ።

ሸራ ሰፊው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት የማንንም ብርጭቆ አንስቶ ጠጣ።

ከምሳ በኋላ ሐይቁ ጠቆረ። ነፋሱ መጀመሪያ ናፕኪኖቹን፣ ቀጥሎ የፕላስቲክ ሳህኖቹን ይዞ ሄደ። ሾፌሩ ጠቅልለው አለ። ሸራ ሰፊው ይቺ ለወግ ያህል የምትነፍስ ናት፣ ይይዛል፣ እኔ ነኝ የሰፋሁት አለ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ሸራው መሃል ላይ ተኛ፤ ታዛው የደረሰች ላም ሆድ መሰለ።

ሚስቱ ጠጋ ብላ አንዱን ቋሚ ዝቅ እንዲያደርግ፣ ውሃው በአንድ ጥግ እንዲፈስ ነገረችው። እሱ በሹክሹክታ፣ አባባ ሲወጡ አናታቸውን ይመታቸዋል አላት። አየችው። ተወችውና ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ መኪናው ውስጥ ይግቡ።»

አዛውንቱ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። «ሰውዬው ይይዛል አላለም? ሥራውን እሱ ያውቃል።»

ሸራ ሰፊው ይህን ሰማ። ልቡ ሞላ። መጥረጊያ አንስቶ ውሃውን ወደ ውጭ ሊያፈስሰው የሸራውን ሆድ ከሥር በመጥረጊያው እንጨት ገፋው። በዚያችው ቅጽበት ነፋሱ ከሐይቁ በኩል የፊቱን ጠርዝ ብድግ አደረገው። ውሃው ወደ ውጭ መሄዱን ትቶ ወደ መኪናው ተንከባለለና፣ የጎኑን ጠርዝ አልፎ፣ አንድ በርሜል ይሆናል፣ አዛውንቱ ላይ ተገለበጠ። ከአናታቸው እስከ ካልሲያቸው የቀረ ደረቅ ቦታ አልነበረም። ሾፌሩን ሳቅ አመለጠው፤ አባቱ መሳል ሲጀምሩ ግን ሳቁን ዋጠው።

ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ደግፈው ወደ ሚኒባሱ ወሰዷቸው። የሚኒባሱ በር ከማንኛውም ታዛ ያጠረ ነው። አዛውንቱ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ጠዋት ሲሳፈሩም ደፍተዋል፤ መንገድ ላይ እግራቸውን ሊያፍታቱ ሲወርዱም ደፍተዋል፤ ማንም ክብሬ ተነካ ሲሉ አልሰማቸውም። ሸራ ሰፊው መጥረጊያውን እንደያዘ ይህን ቆሞ አየ። ፊቱ በዚያ ሁሉ ብርድ ውስጥ ነደደ።

በሩ ተዘጋ። እሱ ውጭ ቀረ። አንዱን ቋሚ በሁለት ጣቱ ዝቅ አደረገው። የቀረው ውሃ በጥጉ በኩል፣ ከቧንቧ እንደተለቀቀ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። ይኸው ነበር ሥራው። ከውስጥ የአዛውንቱ ሳል ይሰማል፤ ምድጃው ሲለኮስ፣ ሚስቱ ብርድ ልብስ የት አለ ስትል ይሰማል። ልግባ ቢል በየትኛው ፊቱ ይገባል? ሸራው እየተንጠባጠበ አጠገቡ ቆመ።

ሳሉ ጋብ አለ። በሩ ተንሸራተተና አዛውንቱ ብቅ አሉ፤ የልጃቸውን አበባ ያለበት ሹራብ ለብሰዋል፤ እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀርቷል።

«ልጄ፣ ግባ እንጂ። ትታመማለህ።»

ለዚህ ቃል ስንት ጊዜ ተዘጋጅቷል። መልሱን ያውቀው ነበር፤ ፈገግታውን ሳይቀር በመስታወት አይቶታል። አሁን ቃሉ ሲመጣ፣ በስህተት የሌላ ሰው ዕቃ እንደተቀበለ ሰው ቆመ። ለማንም አልሰጠው፣ አልመለሰው። ሹራቡን ላለማየት ወደ መሬት አየ።

«መጣሁ አባባ» አለ። «ይቺን ገመድ ልሰራት።»

ገመዷ ቀድሞም ታስራ ነበር። ሊያስራት ብሎ ፈታት።