የጉም ዘጠኝ ዘፈኖች

ዘጠነኛው ዘፈን አለቀ።

ዳግማዊ የኤምፕሊፋየሩን ድምፅ ቀነሰና ሁለቱን እንግዶቹን አያቸው። ጉርሜሳ ጀርባውን ለተበላሹት ቴሌቪዥኖች ሰጥቶ፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ አንቀላፍቷል። ኮምባይነሩን ለሌላ ሾፌር ትቶ በቀጥታ ከማሳ ነው የመጣው፤ የስንዴው አቧራ ገና ቅንድቡ ላይ አለ። ሞሚና ከጊኒር ገበያ የተሸከመችውን የልብስ ጆንያ እግሯ ስር አስቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። ከደጅ የቅዳሜ ገበያ ያወጣቸው ባጃጆች ይጯጯኻሉ።

የሦስቱ ሕግ የቆየ ነው። ጉም ባንድ አዲስ ሥራ ባወጣ ቁጥር እዚህ ሮቤ፣ የዳግማዊ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ቤት ይሰበሰባሉ፤ የመጨረሻው ዘፈን እስኪያልቅ ትንፍሽ አይባልም። ድሮ ሙዚቃው ሳይቆም ሞሚና ትፈነዳ ነበር። ዛሬ ግን ቆሞም ዝም አለች፤ ዳግማዊ ይሄኔ ነው የፈራው።

የፈራው በምክንያት ነው። የባንዱ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ለሚ፣ ገና ያልወጣውን አልበም ከአዲስ አበባ ለዳግማዊ ከላከለት በኋላ፣ ሦስት መቶ ያህል አድናቂ ባለበት የቴሌግራም ቡድናቸው ላይ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር። "ዳጊ፣ የድሮዎቹን ሰብስብና አሰማቸው። አምስት ዓመት ለፍቼበታለሁ፣ ደክሞኛል። ሮቤ ከወደደው ሰኞ አወጣዋለሁ። ካልወደደው ጊታሩን ሰቅዬ የእህቴ ባል የጭነት መኪና ላይ እገባለሁ። አታባብሉኝ።"

"እህስ?" አለ ዳግማዊ።

"ወላሂ ምን እንደምል አላውቅም" አለች ሞሚና። "ቤዙ አለ፣ ድራሙ አለ፣ ድምፁም አለ። ግን ባዶ ሆነብኝ። አንዱን ስንኝ ይዘፍንና ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ምን ይመጣል ብለህ ስትጠብቅ ምንም የለም። ያ ጊታሩስ የት ገባ?"

"አዲስ አበባ አለስልሶታል" አለ ጉርሜሳ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"አንተ ተኝተህ አልነበር እንዴ?"

"አራቱን ሰምቻለሁ፣ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ኮምባይነር ሲጮህብኝ ነው የምውለው። እሱ እንኳ ከዚህ ይሻላል፣ ጉልበት አለው።"

ሞሚና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙም አልቆየም። "መጋዘን ማለት እኮ ሌላ ነበር" አለች።

መጋዘን የሚሉት የባንዱን የመጀመሪያ አልበም ነው። ሽፋኑ ላይ ሌላ ስም ተጽፎበታል፤ ሮቤና ጎባ ግን በዚያ ስም የሚጠራው የለም። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት አራት ጎረምሶች አንድ ነጋዴ አስፈቅደው የእህል መጋዘኑ ውስጥ ገቡ፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ የስንዴ ጆንያ ዙሪያውን ደረደሩ፣ በአንዲት ማይክራፎንም ቀዱት። ማይክራፎኗ የዳግማዊ ነበረች፤ የቀዳውም እሱ ነው። ስድስተኛው ዘፈን ላይ አንዱ ከአቧራው የተነሳ ያስነጥሳል፤ አድናቂዎቹ እዚያ ቦታ ሲደርሱ አብረው ያስነጥሱ ነበር።

"ሁለተኛው አልበም የወጣ ጊዜም ተሳድበን ነበር እኮ" አለ ጉርሜሳ። "በዓመቱ በቃላችን ያዝነው።"

"ያኔ ጊዜ ነበረን። አሁን አንድን ነገር ሁለቴ የሚሰማ ማን አለ?" ሞሚና ጆንያዋን ጎተተች። "እኔ ልጆቼን እንኳ ሁለቴ አልሰማቸውም።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍለት?"

"የሰማነውን ነዋ። አታባብሉኝ ብሏል። ማሎ ዳጊ፣ እባክህ ሰውየውን አናታልለው።"

ዳግማዊ እዚያው ፊታቸው ቡድኑ ላይ ጻፈ። "ሦስታችንም ሰማነው። ንጹሕ ሥራ ነው፣ ግን ባዶ ነው። ለሚን አጣነው።" ጉርሜሳ አንገቱን ነቀነቀ፣ መልእክቱም ሄደ። ሁለቱ ወጥተው ብዙም ሳይቆይ የለሚ መልስ መጣ፤ "ከእናንተ ከሰማሁት በቂዬ ነው። ገለቶማ።" ከምስጋናው ሌላ ነገር አልጨመረም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ዳግማዊ አንዲት ደንበኛ ትታው የሄደችውን የጆሮ ማዳመጫ አነሳ። በቀኝ በኩል የተበጠሰውን ሽቦ በየደውና መሥራቱን ለማየት ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የለሚን ሦስተኛ ዘፈን ከፈተ፤ የጠገነውን ቀኙን ብቻ ጆሮው ላይ ለጠፈ።

ሌላ ዘፈን የከፈተ መስሎት አቆመው። እንደገና ከፈተው። ጊታሩ እዚያ ነበር፤ ያ ሻካራ የለሚ ጊታር። ሁለቱንም ጆሮውን ሸፈነና ሰማ። ግራው በአማርኛ ይጠይቃል፣ ቀኙ በኦሮምኛ ይመልሳል፤ ሰውየው ከገዛ ራሱ ጋር ይጨቃጨቃል። ሞሚና ዝምታ ያለችው ቦታ ሁሉ መልስ ነበረበት።

ዳግማዊ ማዳመጫውን አውልቆ ኤምፕሊፋየሩን ወደ ራሱ አዞረው። ለማወቅ ማዞር አያስፈልገውም ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የቀኙን ድምፅ የሚያወጣው ወገኑ ሲቃጠል ሮቤ ውስጥ መለዋወጫ አላገኘም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ስፒከር በአንድ ቀይ ሽቦ ከግራው ጋር አሰራቸው፣ ለጊዜው። ዜናው፣ ኳሱ፣ መዝሙሩ፣ መንዙማው ሁሉ ከሁለቱም ስፒከር ወጣ። መጋዘን በአንዲት ማይክራፎን የተቀዳ ስለሆነ ግራና ቀኙ አንድ ነው፤ እሱም ምንም አልጎደለበትም። ጥገናው ተረሳ።

ዘጠኙንም ዘፈኖች ተቀምጦ በሁለት ጆሮው ሰማቸው። ሁሉም ጥሩ አልነበሩም። ሁለቱ ይንዛዛሉ፣ አንዱን ጭራሽ አልወደደውም። ባዶ ግን አልነበሩም። ዳግማዊን ያሳፈረው ሽቦው ብቻ አይደለም። ሞሚና ባዶ ነው ስትል በውስጡ ደስ ብሎት ነበር። ለሚ አዲስ አበባ ሄደ፣ እሱ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ለሚ መጋዘንን የሚያህል ነገር ባይሠራ ደስ የሚለው ሰው ሆኗል። ይህን በራሱ ላይ ማየት ከቀኑ ሥራ ሁሉ ይበልጥ አደከመው።

ለሚ ጋ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ለብቻው እንዲደርሰው መጻፍ ጀመረ። "ለሚ፣ መብራቱ እየተቆራረጠ በደንብ አልሰማነውም፤ ደግመን እንሰማዋለን።" መብራት ተቆራረጠ ሲባል በዚህ አገር የሚጠራጠር የለም። ሊልከው ሲል አውራ ጣቱ ቆመ። ለሚ ይህን ሲያነብ የሚያስበው ይታወቃል፤ አዘኑልኝ፣ ሊያባብሉኝ ነው ይላል። ጊታሩንም ይሰቅላል።

የጻፈውን አጠፋ። የኤምፕሊፋየሩን ጀርባ አቧራውን ሳይጠርግ ፎቶ አነሳ። ቀዩ ሽቦ፣ በፕላስተር የተጠቀለለው ቋጠሮ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ታየ። ጀማሪ እንኳ እንዲህ አያስርም። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ይህን ያሰርኩት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሆኖታል። ዛሬ የሰማነው የአልበሙን ግራ ጎን ብቻ ነው። ቀኙን አሁን ሰማሁት፤ ለሚ እዚያ ነው ያለው። ባዶ ያልኩት ተሳስቼ ነው። ሰኞ ይውጣ።"

ለለሚ ብቻ ሊልከው ይችል ነበር። በቡድኑ ካሉት ሦስት መቶ ሰዎች ግማሾቹ ሬዲዮና ቴሌቪዥናቸውን የሚያስጠግኑት እሱ ጋ ነው። የገዛ እንጀራን የሚጎዳ ማባበል ግን የለም፤ ዳግማዊ ቡድኑን መረጠና ላከው።

የመጀመሪያው መልስ ደቂቃ አልፈጀበትም። "የእኔንም ቴሌቪዥን እንደዚህ ነው የሠራኸው?" ይላል፤ ከሥሩ ስድስት ሰው ስቆበታል። ዳግማዊ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልጦ አስቀመጠና መፍቻ አንስቶ የኤምፕሊፋየሩን ክዳን መፍታት ጀመረ።